ስለሪ ፓምፕን እንደ ሥራውና እንደ ቦታው መምረጥ

ፓምፕ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና የሚመጣው ንጹሕ ውኃን ከጉድጓድ ወደ ታንከር፣ ከወንዝም ወደ እርሻ የሚያወጣው መሣሪያ ነው። በማዕድን ሥራ ግን ፓምፕ የሚገፋው ውኃን ብቻ አይደለም። የተፈጨ ድንጋይ፣ አሸዋና ደለል ከውኃ ጋር ተደባልቀው የሚፈጥሩትን ወፍራም ድፍርስ ጭምር ይገፋል። ባለሙያዎች ይህን ድፍርስ «ስለሪ» ይሉታል።

ፓምፕ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?» ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ግን ምርጫው መጀመር ያለበት ከፓምፑ ሳይሆን ከሚገፋው ድፍርስና ፓምፑ ከሚቆምበት ቦታ መሆኑን ነው። ለቦታው ምሳሌ እንዲሆነን ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር የምትጠጋውን አምባ ጊዮርጊስን እንወስዳለን።

ስለሪ ከውኃ በምን ይለያል?

በመጀመሪያ ስለሪ ከውኃ ይከብዳል። ከክብደቱ እኩሌታው ውኃ፣ እኩሌታው ድንጋይ የሆነ ስለሪ እንውሰድ። የድንጋዩ እፍግታ ከውኃ 2.7 እጥፍ ቢሆን የድብልቁ እፍግታ ከውኃው 1.46 እጥፍ ይሆናል። አሁን ይህን ስለሪ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ያህል ወደ 30 ሜትር ከፍታ መግፋት አስፈለገ እንበል። ፓምፑ ከሚሰጠው ኃይል 60 በመቶው ብቻ ለሥራ የሚውል ከሆነ፣ ለንጹሕ ውኃ 13.6 ኪሎዋት የሚበቃ ሲሆን ለስለሪው ግን 20 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል። በመሆኑም ለውኃ ተብሎ የተገዛው ሞተር ለስለሪ ሲውል ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፤ ይግላል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ስለሪ ይፍቃል። በውስጡ ያለው ጠንካራ ቅንጣት የፓምፑን ዘዋሪ ክንፍ፣ ማለትም ኢምፔለሩንና ቀፎውን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። የመበላቱ መጠን ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ወደ ፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ በተጠጋ መጠን ያድጋል እንጂ። ይኸውም ፍጥነቱ በ20 በመቶ ቢጨምር መበላቱ በ70 በመቶ ያህል ሊጨምር ይችላል ማለት ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው መሐንዲሶች በፍጥነት ከሚሽከረከር ትንሽ ፓምፕ ይልቅ በዝግታ የሚዞር ትልቅ ፓምፕ የሚመርጡት። የመጀመሪያው ሲገዛ ይረክሳል፤ በመለዋወጫ ግን ይወደዳል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስለሪ ይዘቅጣል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ፍጥነት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ አሸዋው ወደ ታች ወርዶ መተላለፊያውን ይዘጋል። ስለዚህ ፍጥነቱ ከፍ ሲል መፋቅ፣ ዝቅ ሲል መዘቅጠት ያስከትላል። የመሐንዲሱ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ መፈለግ ነው።

በአንድ ማዕድን ማውጫ ውስጥ አራት ሥራ

በአገራችን የወርቅ ማዕድን ኢንዱስትሪ ስሙ የታወቀው በጉጂ ዞን፣ በሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው ለገደንቢ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ የወርቅ ማውጫ ድንጋዩ ተሰብሮ፣ ከውኃ ጋር ተፈጭቶ፣ ወርቁም በሳያናይድ ከሟሟ በኋላ ቀሪው ድፍርስ ወደ ግድብ ይላካል። በዚህ ሂደት ውስጥ የፓምፖቹ ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም።

1ኛ. ከወፍጮ የሚወጣው ስለሪ፦ ቅንጣቶቹ ሻካራና ስለታም ናቸው። ለዚህ ሥራ ክሮሚየም በብዛት የተጨመረበት፣ እጅግ ጠንካራ የሆነ ውስጠኛ ብረት ያለው ከባድ አግዳሚ ፓምፕ ይመረጣል።

2ኛ. ደቃቅ ቅሪት ወደ ግድብ የሚገፋው፦ ቅንጣቱ የላመና ስለት የሌለው ሲሆን የተፈጥሮ ጎማ ከብረት የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል። ጎማው ቅንጣቱ ሲመታው ተለጥጦ ይመለሳልና። ሆኖም ትልልቅ ስለታም ድንጋይ ይቀደዋል፤ ዘይትና ከፍተኛ ሙቀትም ያበላሹታል።

3ኛ. እንደ ሊጥ የወፈረው ዝቃጭ፦ በክንፍ ሽክርክሪት የሚሠራው ፓምፕ ውጤታማነቱ ስለሚቀንስ፣ ድፍርሱን እየመጠነ የሚገፋ ባለፒስተን ወይም ቱቦን በመጭመቅ የሚሠራ ፓምፕ ይሻላል።

4ኛ. በጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀም የጭቃ ውኃ፦ ለዚህ በውኃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ወይም ዘንጉ ወደ ታች የተዘረጋ ቋሚ ፓምፕ ተስማሚ ነው። የረጋውን ደለል የሚያናውጥ መቅዘፊያ ቢኖረው ደግሞ ይመረጣል።

የእነዚህ ፓምፖች ጉዳይ የኩባንያው የወጪና የገቢ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ሳያናይድ የነካው ቅሪት መድረስ ያለበት ወደተዘጋጀለት ግድብ ብቻ ነው። ቧንቧው ሲዘጋ ወይም የፓምፑ ማሸጊያ ሲበላ ድፍርሱ ወደ መሬትና ወደ ወንዝ የሚሄድበት መንገድ ይከፈታል። የአካባቢው ኅብረተሰብ በጤናና በአካባቢ ብክለት ላይ ባነሣው ተቃውሞ ምክንያት የለገደንቢ ፈቃድ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መታገዱ፣ የማዕድን ቅሪት ጉዳይ ሕዝብን ምን ያህል እንደሚመለከት አሳይቷል።

ከፍታው የሚወስደው

አሁን ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንመለስ። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ካባ ያወጡበት ጉድጓድ በክረምት በጭቃ ውኃ ተሞላባቸው እንበል። በቆላ ሲሠራ ያዩትን ፓምፕ ገዝተው ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቢያቆሙት ምን ይሆናል?

ብዙዎች ፓምፕ ውኃን «ይስባል» ብለው ያስባሉ። በእርግጥ ግን ውኃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢ አየር ግፊት ነው። ፓምፑ የሚያደርገው ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ይሸከማል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ግፊቱ ወደ 70 ኪሎፓስካል ስለሚወርድ የሚሸከመው 7.1 ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይቀነሳሉ። እነርሱም የውኃው የእንፋሎት ግፊት፣ በመምጠጫው ቧንቧ ውስጥ በሰበቃ የሚጠፋውና ፓምፑ ያለችግር ለመሥራት የሚሻው ትርፍ ግፊት ናቸው። ለምሳሌ 0.2፣ 0.7 እና 3 ሜትር ብንላቸው ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

በባሕር ወለል፣ ለውኃ፦ 10.3 − 0.2 − 0.7 − 3 = 6.4 ሜትር
በአምባ ጊዮርጊስ፣ ለውኃ፦ 7.1 − 0.2 − 0.7 − 3 = 3.2 ሜትር

የሚሳበው ከላይ ያየነው 1.46 እጥፍ የሚከብድ ስለሪ ቢሆን ደግሞ ግፊቱ የሚሸከመው ዓምድ ወደ 4.9 ሜትር፣ የእንፋሎቱም ድርሻ ወደ 0.1 ሜትር ይወርዳል፦

በአምባ ጊዮርጊስ፣ ለስለሪ፦ 4.9 − 0.1 − 0.7 − 3 = 1.1 ሜትር

ስድስት ሜትር ያህል ያነሣ የነበረው ፓምፕ አንድ ሜትር ብቻ ቀረው ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ በኢምፔለሩ መግቢያ ላይ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹም ሲከስሙ ብረቱን እየቦረቦሩ ያበላሹታል። ይህም ካቪቴሽን ይባላል። ፓምፑ ጠጠር እንደዋጠ ይንኳኳል፤ የሚሰጠውም መጠን ይቀንሳል፤ ከዚያም ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ ይበልጥ ኃይለኛ ሞተር መግጠም መፍትሔ አይሆንም፤ የጎደለው የሞተር ጉልበት ሳይሆን የአየሩ ግፊት ነውና። መፍትሔው ፓምፑን ወደ ድፍርሱ ማውረድ ወይም ከውስጡ ገብቶ የሚሠራውን መምረጥ ነው።

ሞተሩም ቢሆን ከከፍታው አያመልጥም። ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ከሩብ በላይ ሊቀንስበት ይችላል። የኤሌክትሪክ ሞተርም አብዛኛውን ጊዜ አቅሙ የሚጻፍለት እስከ 1000 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ሳስቶ የሚገኘው አየር በሚገባ ስለማያቀዘቅዘው ከተጻፈለት በታች እንዲሠራ ይደረጋል።

ከግዢ በፊት የሚመለሱ ጥያቄዎች

• በድፍርሱ ውስጥ ያለው ጠጣር ከክብደቱ ስንት በመቶ ነው? እፍግታውስ?
• ትልቁ ቅንጣት ምን ያህል ነው? ስለታም ነው ወይስ የላመ?
• በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ፣ ወደ ምን ያህል ከፍታ፣ በምን ያህል ርቀት ይገፋል?
• ዘይት ወይም ኬሚካል አለበት?
• ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው? ፓምፑ ከድፍርሱ በላይ ይቆማል ወይስ በታች?
• ኢምፔለሩና ማሸጊያው ሲያልቁ መለዋወጫው በአገር ውስጥ ይገኛል?

ለእነዚህ መልስ የያዘ ገዥ የፈረስ ጉልበቱን ራሱ ያሰላዋል። መልስ የሌለው ግን ስሙ የገነነ ፓምፕ ቢገዛም የገዛው ዕድልን ነው።

መልመጃ፦ ጎንደር ከተማ በ2100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ብለን የአየሩን ግፊት 78.5 ኪሎፓስካል ብንወስድ፣ ያው ፓምፕ ውኃውንና ስለሪውን ከስንት ሜትር ጥልቀት ሊያነሣ ይችላል? (መልስ፦ ውኃውን 4.1 ሜትር፣ ስለሪውን 1.7 ሜትር ያህል።)