የወጣትነት መውጫና መመለሻ

ወጣትነት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ሀብት ነው፤ ሀብት ግን ጠባቂ ካልተሾመለት ይባክናል። በሐረር ከተማ ከጀጎል ግንብ ጥንታውያን በሮች አንዱ ወደ ኤረር ሸለቆ የሚያወርደው ኤረር በር ነው። በቀድሞው ዘመን የግንቡ በሮች ሌሊት ይዘጉ ስለ ነበር፣ ማለዳ የወጣ ሁሉ የመመለሻውን ሰዓት አስቦ ይወጣ ነበር። የዛሬው ወጣት ግን ብዙ ጊዜ መውጫውን እንጂ መመለሻውን አያስብም።

ይህን አሳብ ከሚያስፋፉት አንዱ ሮክ የተባለው የምዕራባውያን ዘፈን ነው። ሁሉም እንዲህ ነው ባይባልም፣ ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ በአባቱ ገንዘብ የሚፈነጨውን፣ መኪና የሚያስከንፈውን፣ ሌሊቱን በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ የሚያነጋውን ልጅ እንደ ጀግና ይሥሉታል። ዘፈኑም ማግስቱን ሳያሳይ ያልቃል።

ከእነዚህ ዘፋኞች አያሌዎቹ እንደ አርአያ የሚቈጥሩት ሰው በሐረር የኖረ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ይኸውም ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ገና በዐሥራ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ቤት መኰብለል ጀመረ፤ በፓሪስም በስካር ኖረ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ጓደኛው ቬርሌን በብራስልስ በሽጉጥ አቈሰለው። በሃያ ዓመቱ ገደማም ቅኔን ተወ። በ1880 ሐረር ገብቶ በቡናና በቆዳ ንግድ ተሠማራ። በ1883 ከሐረር ለቤተ ሰቡ በጻፈው ደብዳቤ፣ አንድ ልጅ እንኳ ኖሮት በሙሉ ትምህርት አንጾ መሐንዲስ ሊያደርገው መመኘቱን ገለጠ። ነገር ግን በ1891 ጕልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ተወሰደ፤ በማርሴይ እግሩ ተቈረጠ፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ። ዘፋኞቹ ኰብላዩን ብላቴና ወደዱት፤ በሐረር ሆኖ ልጅ የተመኘውን ሰው ግን እምብዛም አያነሡትም።

ራምቦን አብዝቶ ካነበቡት አንዱ አሜሪካዊው ዘፋኝ ጂም ሞሪሰን ነው። አባቱ የባሕር ኃይል አድሚራል ሲሆኑ፣ እርሱ ዝናው በጀመረበት ጊዜ ወላጆቹ በሕይወት ሳሉ እንደ ሞቱ አስወራ። በ1971 በፓሪስ በ27 ዓመቱ ዐረፈ። ሞቱ የተባሉት አባት ግን ከዓመታት በኋላ በልጃቸው መቃብር ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ያለበትን ሰሌዳ አኖሩ።

እንግዲህ በወንጌል የተነገረውን የጠፋውን ልጅ እናስተውል። እርሱም የባለጸጋ ልጅ ነበር፤ ድርሻውን ተቀብሎ ወጣ፤ በተነ፤ ተራበ። የሚመሰገነው ግን በመበተኑ ሳይሆን ወደ ልቡ ተመልሶ በመነሣቱ ነው። ዘፈኑ ልጁን በሩቅ አገር ትቶት ይቀራል፤ ወንጌል ግን እስከ አባቱ ደጅ ድረስ ይከተለዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ገንዘብ ሰጥታችሁ ምክርን አትንፈጉ፤ ያጠፋ ልጅ ሲመጣም ደጁን አትዝጉበት። ልጆቻችን ሆይ፣ ዘፈን ስትሰሙ የዚህ ሰው ማግስት ምን ሆነ ብላችሁ ጠይቁ፤ አባትም በሕይወት ሳለ፣ እግርም ሳይደክም ተመለሱ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።