ከሚመጣው ቍጣ የሚሰውር መጠጊያ

ለንባብ፦ ሉቃስ 13፥1-5፤ ኢያሱ 20፥1-9፤ ሮሜ 5፥6-11

ከመተማ ማዶ ከገላባት ጀምሮ እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የጥቁር አፈር ሜዳ ለደጋ ሰው እንግዳ አገር አይደለም። ሰሊጥ ሊያርምና ሊያጭድ፥ ማሽላ ሊሰበስብ ወደ ቆላ የወረደ ልጅ ወይም ወንድም ያላቸው ቤተ ሰቦች በየማኅበራችን አሉ። ይህ አገር ግን ለሕዝባችን የእንጀራ መንገድ ብቻ ሳይሆን የሞትና የስደት መንገድም ሆኖአል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር በመተማ ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን በእግሩ ተሰደደ፤ በገዳሪፍ ግዛት ባለው በኡም ራኩባ ሰፈርም ብዙዎች ተጠለሉ። ያ ሰፈር ከዓመታት በኋላ ተዘግቶ ነበር፤ ነገር ግን በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሕዝቡን ባፈናቀለ ጊዜ እንደ ገና ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ሱዳን ገቡ፤ ብዙዎቹም በሐምዳይት በኩል የተከዜን ወንዝ ተሻግረው ነበር።

ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ የጥላ ዳስ ነው። በዚያ ዳስ ሥር ያረፈ ስደተኛ ለጊዜው ከፀሐይና ከጥይት ዳነ። ዳሱ ግን አልጸናም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ሰዎችም በገላባት መንገድ ወደ መተማ ሸሹ። ትናንት መጠጊያ የነበረው አገር ዛሬ ሰው የሚሸሽበት አገር ሆነ። እንግዲህ ሰው ከሰው ቍጣ ወደ ሌላ አገር ሊሸሽ ይችላል፤ ከእግዚአብሔር ቍጣ ግን ወዴት ይሸሻል? በዚህ ትምህርት የምንመረምረው ይህን ነው።

1. መከራ የኀጢአት ሚዛን አይደለም

እንዲህ ያለ መከራ ሲመጣ ሁለት ድምፅ ይሰማል። መከራው የደረሰበት ሰው፥ «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ያለቅሳል። መከራው ያልደረሰበት ደግሞ በቤቱ ተቀምጦ፥ «በኀጢአታቸው ተቀጡ» ይላል። በጌታችን ዘመንም ነገሩ እንዲሁ ነበረ። ጲላጦስ ስለ ገደላቸው የገሊላ ሰዎች ባወሩለት ጊዜ፥ እርሱ ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች አነሣ። እነዚያ ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ኀጢአተኞች ነበሩን? ጌታ ፈጽሞ አይደለም ብሎ መለሰ። ስለዚህ ልጅዋን በመንገድ ላይ የቀበረችውን እናት እያየን፥ «የእግዚአብሔር ቍጣ ነው» ብለን ልንፈርድባት አልተፈቀደልንም። የኢዮብ ወዳጆች እንዲህ አደረጉ፤ እግዚአብሔርም ገሠጻቸው።

ነገር ግን ጌታ በዚህ አላበቃም። ፊቱን ወደ ጠያቂዎቹ መልሶ፥ ንስሐ ካልገቡ እነርሱም እንደሚጠፉ ነገራቸው። ስለ ሌላው ሰው ፍርድ ሊሰሙ መጥተው ስለ ራሳቸው ፍርድ ሰሙ። እኛም ይህን ጽሑፍ የምናነብ ሰዎች ከዚህ ቃል አናመልጥም።

2. የእግዚአብሔር ቍጣ ምንድር ነው?

የሰው ቍጣ ብዙ ጊዜ የተነካ ኵራት ነው፤ በድንገት ይነድዳል፥ ያለ ልክም ይመታል። የእግዚአብሔር ቍጣ ግን እንዲህ አይደለም። ቅዱስ ስለ ሆነ ክፋትን ሊታገሥ እንጂ ክፋትን መልካም ነው ሊል አይችልም። የድኻውን ወዛደር ደመወዝ የሚያስቀር ባለ እርሻ በምድር ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሊሞት ይችላል፤ ያዕቆብ ግን የዚያ ደመወዝ ጩኸት ወደ ጌታ ጆሮ እንደ ደረሰ ይመሰክራል (ያዕ. 5፥4)። ስደተኛውን የሚሸጥ ደላላ፥ ጎረቤቱን በዘሩ ምክንያት የሚጠላ ሰው፥ በጦርነት ጊዜ የሌላውን ከብት የነዳ ሰው፥ እነዚህ ሁሉ ዝም ቢባሉ እግዚአብሔር ጻድቅ ፈራጅ ባልሆነም ነበር። የተበደለ ሰው በፍርድ ቀን ተስፋ የሚያደርገው ስለዚህ ነው።

ሆኖም ያ ፍርድ የሌላውን ሰው ልብ መርምሮ የእኛን አያልፍም። ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉ ኀጢአትን እንደ ሠሩ ያስተምራል (ሮሜ 3፥23)። አንዱ በጾሙ፥ ሌላው በምጽዋቱ ይታመናል፤ እኛም ደግሞ ወንጌል በመስማታችንና መዝሙር በመዘመራችን እንታመናለን። ነገር ግን የወንጌል አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ማንንም ከቍጣ አይሰውርም። በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ወንድሙን የሚጠላ ሰው አለና።

3. የመማጸኛ ከተሞች

በአገራችን ነፍስ ያጠፋ ሰው ከባለ ደሙ ፊት ሸሽቶ ወደ ቆላ እንደሚወርድ፥ ድንበርም እንደሚሻገር እናውቃለን። ሽማግሌዎች ገብተው፥ ካሣ ተከፍሎ፥ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። ድንበሩን ቢሻገርም ኅሊናው አብሮት ይሻገራል፤ በሌሊት የሚያስደነግጠው ባለ ደሙ ብቻ አይደለም።

እግዚአብሔርም ለእስራኤል 6 የመማጸኛ ከተሞች ሰጠ፤ ከዮርዳኖስ ወዲህ ቃዴስን፥ ሴኬምንና ኬብሮንን፥ ከዮርዳኖስ ማዶ ቦሶርን፥ ራሞትንና ጎላንን። ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ወደዚያ ይሸሻል፤ የከተማውም ሽማግሌዎች በበሩ ነገሩን ሰምተው ያስገቡታል። መጻተኛውም ቢሆን ይገባል እንጂ አይመለስም። በዚያም ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ይቀመጣል፤ ሊቀ ካህናቱ በሞተ ጊዜ ወደ ርስቱ በሰላም ይመለሳል (ዘኍ. 35፥25-28)።

ነገር ግን እነዚህ ከተሞች ለሁሉ አልበቁም። ዐውቆ ለገደለ ሰው በራቸው ዝግ ነበር፤ ለነፍሱም ካሣ እንዳይቀበሉለት ሕጉ ከለከለ (ዘኍ. 35፥31)። እኛስ ኀጢአታችን ሁሉ ሳናውቅ የሠራነው ነውን? አይደለም፤ ዐውቀን የበደልነው ብዙ ነው። ስለዚህ ከእነዚያ ከተሞች የሚበልጥ መጠጊያ ያስፈልገናል።

ያ መጠጊያ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ መጠጊያውም ሊቀ ካህናቱም ነው። በሞቱም ኀጢአተኛው ነጻ ወጣ፤ ሰው ሊከፍለው ያልቻለውን ካሣ በደሙ ከፈለ። ይህንም ስንል ኢየሱስ የተቈጣውን አባት በግድ አባበለው ማለታችን አይደለም። ገና ኀጢአተኞች ሳለን ፍቅሩን ያሳየንና ልጁን የሰጠን እግዚአብሔር ራሱ ነው። ፈራጁ ፍርዱን ሳያጣምም የተፈረደበትን ለማዳን በገዛ ልጁ መጣ። ስለዚህ ሐዋርያው በደሙ ከጸደቅን ይልቁንም ከቍጣው በእርሱ እንደምንድን ያረጋግጥልናል (ሮሜ 5፥9)።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አስቀድመን፥ ሳንዘገይ እንግባ። ሰሊጥ ያጨደ ሰው የዚህን ነገር ትርጕም ያውቃል። ሰሊጥ በጊዜው ካልታጨደ ቆባው ይከፈትና ፍሬው በመሬት ላይ ይረግፋል፤ የረገፈውንም ማንም አይለቅመውም። የንስሐ ጊዜም እንዲሁ ነው። መግቢያውም ሥራችን ሳይሆን እምነት ነው፤ በደላችንን ሳንሸፍን መናዘዝ፥ በክርስቶስም መታመን ነው።

ሁለተኛ፥ በስደት ያላችሁ ምእመናን ሆይ፤ በክርስቶስ ካላችሁ በሸራ ድንኳን ውስጥ ብትሆኑም ከቍጣ በታች አይደላችሁም። ስደትና ራብ ከክርስቶስ ፍቅር ሊለዩን እንደማይችሉ ተጽፎልናል (ሮሜ 8፥35-39)።

ሦስተኛ፥ በቤታችን በሰላም የተቀመጥን እኛ፥ ከቍጣ የተሰወርን ሰዎች ከሆንን በራችንን ለሸሸ ሰው እንዴት እንዘጋለን? ከመተማ መንገድ የመጣውን እንግዳ፥ የየትኛውም ነገድ ሰው ቢሆን፥ «ምን አድርገህ መጣህ?» ከማለታችን በፊት ውኃና እንጀራ እንስጠው። ምሕረት የተቀበለ ሰው በዚህ ይታወቃል።

ለማኅበር ጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ጌታ ስለ ሰሊሆም ግንብ የተናገረው የትኛውን አሳባችንን ያርማል?
ለ. የመማጸኛ ከተሞች ክርስቶስን በምን ይመስሉታል? እርሱስ በምን ይበልጣቸዋል?
ሐ. በሰፈራችን ያለ ስደተኛ ከእኛ ምን አይቶአል?

ጸሎት፦ ጻድቅ ፈራጅ፥ መሓሪ አባት ሆይ፤ ቍጣህ በእኛ ላይ ሊሆን ሲገባ ልጅህን መጠጊያ አድርገህ ሰጠኸን። ዛሬ ወደ እርሱ እንድንገባ አድርገን፤ በምድረ በዳም የሚቅበዘበዙትን ሰብስብ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ፤ አሜን።