መግሉ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄን ተረከዙን እሾህ ወጋው። እሾሁን ወዲያው አወጣንለት፤ በማግስቱ ግን ቀልቶ አበጠ፣ በሦስተኛው ቀን መግል ቋጠረ። ጎረቤቶቼ «መጥፎ ደም ነው፣ ጨምቀሽ አውጪው» ይሉኛል። የደም ምርመራው ነጭ የደም ሴሉ 14,000 ደርሷል ስላለ ደግሞ ጀርሙ ደሙ ውስጥ ገብቶ ይሆን ብዬ ሰጋሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መግል መጥፎ ደም አይደለም። ጀርም ሲዋጉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች፣ የጀርሞች ቅሪት፣ የተጎዳ ሥጋና ፈሳሽ ድብልቅ ነው። ሴሎቹ የመጡት በእርግጥ ከደም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ኮንሃይም እ.ኤ.አ. በ1867 ሕይወት ያለውን የእንቁራሪት ስስ ሽፋን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ነጭ ሴሎች ምንም ባልተቀደደ የደም ስር ግድግዳ ሾልከው ሲወጡ አይቶ ገልጿል።

እሾሁ ጀርም ይዞ ሲገባ፣ ተረከዝ ውስጥ በጥበቃ ላይ ያሉ ሴሎች የጥሪ ኬሚካሎችን ይረጫሉ። በአካባቢው ያሉት ደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽም ያስወጣሉ፤ ልጅዎ ላይ ያዩት መቅላትና እብጠት ይኸው ነው። ደሙ ሲያዘግም፣ የትናንሾቹ ደም መላሽ ስሮች የውስጥ ገበር ሴሌክቲን የተባሉ ፕሮቲኖችን ብቅ ያደርጋል። እነዚህም ጭጎጎት የመንገደኛን ልብስ እንደሚይዘው፣ የሚያልፈውን ኒውትሮፊል ያዝ ለቀቅ ያደርጉታል። ኒውትሮፊል ከነጭ ሴሎች ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ነው። በግድግዳው ላይ እየተንከባለለ ሳለ የጥሪው ኬሚካል ሲያገኘው፣ ኢንቴግሪን የሚባሉት የራሱ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ለውጠው ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። ያኔ ይቆማል፣ ይለጠጣል፣ በገበሩ ሴሎች መካከል ራሱን አጥብቦ ይወጣል። ከወጣ በኋላም ኬሚካሉ ወደበረታበት አቅጣጫ እየተሳበ ጀርሙ ጋ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚጀመረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ፍርስራሹን የሚጠርጉት ሞኖሳይቶች በብዛት የሚከተሉት ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የአዋቂ ሰው መቅኔ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮፊል ይሠራል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ስለዚህ እባክዎ አይጭመቁት። ሰውነት በመግሉ ዙሪያ ያጠረውን አጥር አፍርሰው ጀርሙን ወደ ጤነኛው ሥጋ ይገፉታል። በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይጠቡት፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ይረፍ፣ መግሉን ግን ጤና ጣቢያ ወስደው በንጹሕ መሣሪያ ይከፈትለት። የእሾህ ስባሪ ቀርቶ እንደሆነ ያዩለታል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ይጠይቁ። ቀይ መስመር ከእግሩ ወደ ላይ ከወጣ፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ከወጣ፣ ካተኮሰው ወይም መርገጥ ካቃተው ዛሬውኑ ይውሰዱት።

14,000 ብቻውን ጀርም ደም ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። በዚህ ዕድሜ በአንድ ማይክሮ ሊትር እስከ 13,500 ገደማ የተለመደ ነው። ላቦራቶሪው የሚቆጥረው በመንገድ ላይ ያሉትን ነው፤ ሥራው ያለው ተረከዙ ውስጥ ነው፣ እዚያ የደረሱትን ደግሞ ማንም አልቆጠራቸውም።

ጥያቄ፦ ለመገጣጠሚያ ሕመሜ ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ ወዲህ ነጭ የደም ሴሌ ጨመረ። ኢንፌክሽን ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ከኒውትሮፊሎቻችን ግማሽ ያህሉ ደም ስር ግድግዳ ላይ ተጠግተው ስለሚቆዩ በቆጠራ አይገቡም። መድኃኒቱ ከግድግዳው ያላቅቃቸዋል፣ ከመቅኔም ተጨማሪ ያስወጣል፤ ወደ ሥጋ የሚሻገሩትን ግን ይቀንሳል። በወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ቁስሉ ጋ የሚደርሱት ያንሳሉ። ኢንቴግሪናቸው ጎድሎ በሚወለዱ እጅግ ጥቂት ሕፃናት ላይ ይህ በከፋ መልኩ ይታያል፦ እትብታቸው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ ሳይወድቅ ይቆያል፣ ደማቸው በነጭ ሴል ተሞልቶ ቁስላቸው መግል አይቋጥርም። እርስዎ እንደዚያ አይደሉም፤ ሆኖም መድኃኒቱ መቅላትንና ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል ቀላል የመሰለ ቁስልም ቢሆን ለሐኪምዎ ያሳዩ። ፕሬድኒሶሎኑን ግን በራስዎ ውሳኔ በድንገት አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ኒውትሮፊሌ 1,200 ስለሆነ የመቅኔ ምርመራ ያስፈልግሃል ተባልኩ። ምንም አያመኝም።

መልስ፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከመደበኛው ያነሰ ኒውትሮፊል ይዘው ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ፤ በቤተ እስራኤላውያንም ላይ ተጠንቷል። ዳፊ ከተባለው የቀይ ደም ሴል ፕሮቲን አለመኖር ጋር የተያያዘ የዘር ውርስ ነው፤ ኢንፌክሽን ሲመጣ ሴሎቹ እንደማንኛውም ሰው ወደ ቁስሉ ይደርሳሉ። ለሐኪምህ የቀድሞ ውጤቶችህን አሳየው፤ ቁጥሩ ለዓመታት እንዲሁ የቆየ፣ ቀይ ሴሉና ፕላትሌቱ ደህና፣ ተደጋጋሚ ኢንፌክሽንም የሌለብህ ከሆነ፣ መቅኔ ከመወጋትህ በፊት የዳፊ ምርመራ እንዲያዝልህ ጠይቀው።