ለውሻችን ምን እናጉርሰው? ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ስለ ውሻ ጉርሻ ልጽፍ ነው ስላቸው የዶርም ጓደኞቼ «ሰው የሚጎርሰው ባጣበት አገር?» ብለው ስቀውብኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን የማወራው ከሱፐርማርኬት ስለሚገዛ የውሻ ብስኩት አይደለም። ለውሻ የምንወረውረው ነገር ዞሮ ወደ ራሳችን ጉበት ስለሚመጣበት መንገድ ነው።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲሆን እኔ የእንስሳት ሕክምና የምማረው ሰመራ ነው። በሁለቱም ከተሞች እንዳየሁት ውሻ የሚጎርሰው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከእርድና ከቡሌ።

ከእርዱ ልጀምር። ለአረፋም ይሁን ለፋሲካ በግ ወይም ፍየል ግቢ ውስጥ ሲታረድ፣ ሳንባውና መልኩ ያላማረን ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊገኝ ይችላል፤ በትምህርታችን ሃይዳቲድ ሲስት እንለዋለን። ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት አንድ ቄራ የዶሮ እንቁላል የሚያክል አይቻለሁ፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ውሾቹ ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ከረጢቱ ውስጥ ያሉት እጮች ውሻው አንጀት ሲደርሱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች የሆነ የኮሶ ትል ይሆናሉ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል። ሳሩ ላይ ሲያርፍ በግ ይበላዋል፤ የውሻው ፀጉር ላይ ሲጣበቅ ደግሞ ውሻውን የሚዳብሰው ልጅ በእጁ ወደ አፉ ይወስደዋል። ሰው ውስጥ ከረጢቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ጉበትን ወይም ሳንባን ሲጫን ነው። ያኔ መፍትሔው ለብዙዎች ኦፕራሲዮን ይሆናል። ክፋቱ ውሻው ራሱ ምንም አይመስልም፤ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይጮሃል።

እናቴ ይህን ስነግራት «ውሻ ሆዱ ብረት ነው፤ ስንት ዘመን ሲበላ የኖረውን!» ትለኛለች። አባባሏ ስለ ውሻው ልክ ነው። የሚጎዳው ግን ውሻው ሳይሆን አጠገቡ የምትጫወተው ትንሿ እህቴ ናት።

አይስላንድ የምትባለዋ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ በሽታ እጅግ ተቸግራ ነበር። ሃራልድ ክራበ የሚባል የዴንማርክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1863 ሄዶ ካጠና በኋላ፣ የታመመ የእንስሳ አካል ለውሻ እንዳይሰጥ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ለየቤቱ ታደለ። በኋላም ሕግ ወጣ፤ በሽታውም ከአገሪቱ ጠፋ። ሥራው የተጀመረው ለውሻ የሚጣለውን በመለወጥ ነው። እኛም ጋ ሳንባውንና ጉበቱን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣበት ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ይቻላል። ልስጠው የሚል ሰው ቆራርጦ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ያፍላው።

ወደ ቡሌ ስንመጣ ጣጣው ሌላ ነው። በጅቡቲ መንገድ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ለሾፌሮች የሚሠሩት ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ መብሰሉ አያድነውም። ውሻ ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል ሽንኩርት በአንድ ጊዜ ከበላ ለአደጋ ይጋለጣል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም ማለት ነው፣ አንዲት ትንሽ ራስ ሽንኩርት። ድካሙና የድዱ መገርጣት ከቀናት በኋላ ስለሚመጣ ወጡን የሚጠረጥር የለም። የበሰለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካም (ዛይሊቶል ያለበት) ለውሻ መርዝ ናቸው።

ታዲያ ምን እንስጠው? እኔ ለቡቺ የምሠራለት ጨውም በርበሬም የሌለው ቋንጣ ነው። ጮማ የሌለው የፍየል ሥጋ ቀቅዬ፣ በቀጭኑ ዘልዝዬ፣ ዝንብ እንዳይደርስበት በወንፊት ጨርቅ ሸፍኜ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። በሰመራ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል (ሰመራ ለተማሪ ከምትሰጠው ጥቂት ጥቅም አንዱ)። የተቀቀለ እንቁላልና ካሮትም ይሆናል። ቴምር ከሆነ ፍሬው ወጥቶ፣ ያውም ጥቂት፤ ስኳሩ ብዙ ነው። መጠኑ የጣት ጫፍ ካከለ ይበቃል፤ ውሻ የሚቆጥረው ስንት ጊዜ እንደጎረሰ እንጂ ግራሙን አይደለም። በቀን የሚሰጠው ጉርሻ ሁሉ ተደምሮ ከጠቅላላ ምግቡ አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ይመከራል። ሰዓቱም ጠዋት ወይም ማታ ይሁን፤ ቀትር ላይ ውሻው የሚፈልገው ውሃና ጥላ ነው።

ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ከውሻው አንጀት ያጠፋዋል። የሚሰጠው በኪሎ ተሰልቶ ስለሆነ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ውሻውን መዝኑት፤ ታቅፋችሁት ሚዛን ላይ ቁሙና የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ክኒኑ ግን ያለውን ትል እንጂ የሚመጣውን አይከላከልም፤ ዛሬ ውጦ ነገ ጥሬ ሳንባ ከበላ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል።