የሰሊሆም ግንብና የዋግ ቤቶች

ለምእመናን ኅብረትና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ጥናት
(አስቀድማችሁ ሉቃስ 13፥1-5ን አንብቡ)



በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ሲናገር፣ ከሌላው ሰው ይልቅ በደለኞች ነበሩ ብለን እንዳናስብ ከልክሎናል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሲወጡ፣ «ምን በድለው ይሆን?» ለማለት የቸኮለ ካለ ይህን ምንባብ ደግሞ ያንብብ። በዚህ ጥናት የምንጠይቀው ሌላ ነው። ግንቡ እንዴት ተሠርቶ ነበር?

ከሰቆጣ ተነሥቶ በኮረም በኩል ወደ አላማጣ የወረደ ሰው ለትምህርታችን የሚሆነውን መልክዓ ምድር በዓይኑ አይቶታል። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አላማጣ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በግራ ካሶ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወረድ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ ይባላል። ይህን ቁልቁለት ጎርፍ ብቻ አልቦረቦረውም፤ ምድር ተሰንጥቃ በምሥራቅ ያለው ወገን የሰመጠበት ጠርዝ ነው። ከዚያ ወዲያ ባለው የአፋር ዝቅተኛ ምድር የቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የስምጥ ሸለቆ ስንጥቆች ይገናኛሉ። የዓረብ ምድር ከአፍሪካ የሚርቀው በዓመት ከ2 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የተጠራቀመው ውጥረት በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከሥር ገብቶ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ምድሪቱን እስከ 8 ሜትር አራርቋታል።

ዋግ የሚገኘው ከዚህ ጠርዝ በላይ በደጋው ነው፤ ስለዚህም እንደ አፋር አዘውትሮ አይናወጥም። ማጋነን አንፈልግም። የዋግን ሰው የፈጀው ድርቅ ነው፤ 1977 ዓ.ም.ን ያየ ሰው ለዚህ ማስረጃ አይጠይቅም። ሆኖም ጠርዙ ያው አንድ ጠርዝ ነው። ወደ ደቡብ ሲሄድ በማጀቴና በካራ ቆሬ በኩል ያልፋል። በዚያም በግንቦት 1953 ዓ.ም. በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፣ በካራ ቆሬም ግማሽ የሚጠጉት ቤቶች ወደቁ፣ ዋናው መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ መንደር ፈርሳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሩት ካህን ፒየር ጉዋን እነዚህን ሁሉ ሰብስበው በ1979 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ጠንካራ ይመስላል፤ ሸክምን ከላይ ወደ ታች ለመሸከምም በእርግጥ ጠንካራ ነው። መሬት ወደ ጎን ሲወዛወዝ ግን ጭቃው ድንጋዩን አንድ አድርጎ ሊይዘው አይችልም። ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ሁለት ረድፍ ካብ ሆኖ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ ነውና የውጩ ረድፍ ከውስጡ ይላቀቃል፣ ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ከባድ የአፈር ጣሪያ ካለም በተኙት ላይ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንዶች ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ብቻ አይደለም። በላስታ የሚገኘውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው፣ በግድግዳው ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ መደርደራቸውን ያስታውሳል። ዙሪያውን የሚያስር አግዳሚ እንጨት ግድግዳውን እንደ መቀነት ይይዘዋል። ዛሬ ጽድ እንደ ልብ ስለማይገኝ በበርና በመስኮት አናት ላይ፣ ደግሞም ከጣሪያው ሥር፣ ሳይቋረጥ የሚዞር የፌሮና የሲሚንቶ ቢም ይተካዋል። ከውጭ እስከ ውስጥ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ ማስገባት ግን የግንበኛውን ትጋት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በርና መስኮት ከማዕዘን ይራቁ፤ ቆርቆሮውም ከወራጁ፣ ወራጁም ከግድግዳው ጋር በሚገባ ይታሰር። ከገደል ሥር፣ ናዳ በሚወርድበት ስፍራ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤት አይሠራ።

ይህን አሁን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች በዋግ እንደገና ይሠራሉ። በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከጣሪያ በታች ያለው ቢም ነው፤ ተመርቆ ከተለሰነ በኋላ ማንም አያየውምና። ለድርቁ የተመደበውን ገንዘብ ወደዚህ አዙሩ አንልም። ለማንኛውም የሚሠራው ግድግዳ ግን ታስሮ ይሠራ።

ለሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች መርጣችሁ የምትጸልዩበትን ቤትና የእህል መጋዘኑን ዙሩ። ማዕዘኑ ተሰንጥቋል? ግድግዳው ሆድ አውጥቷል? በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል ወይስ ሕዝብ ሲገፋው ይዘጋል? ያያችሁትን ጻፉና ግንበኛውን ጠርታችሁ በፊቱ አንብቡለት።