ፍሬ ነገሩ የሚጣራው አንቺ ዘንድ ነው
ለአዲስ ተሿሚ ዳኛ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ሹመትሽ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ፣ ቃለ መሐላ ፈጽመሽ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ መሆንሽን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ። ዕድሜዬን በዚሁ ሥራ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ላካፍልሽ።

ብዙ ወጣት ዳኞች ይህን ወንበር ወደ ከፍተኛውና ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሸጋገሪያ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉም ወንበር ከባዱ የአንቺው ነው እላለሁ። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍሬ ነገሩንም ማየት ይችላል፤ የሚያየው ግን አንቺ ካስመዘገብሽው ወረቀት ላይ ነው። ምስክሩ ሲናገር ፊት ለፊቱ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። በአንቺ ችሎት ሳይጣራ ያለፈ ነገር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ለማቃናት ይከብዳል። ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

1. መዝገቡን አንብበሽ ተሰየሚ። ባለጉዳዩ ወራት ጠብቆ ፊትሽ ሲቆም፣ ዳኛዋ በችሎት ላይ ገጽ ስታገላብጥ ካየ ልቡ ይሰበራል። ክሱን፣ መከላከያ መልሱን፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያውን ቀድመሽ እወቂ። ያነበበች ዳኛ የምትጠይቀው ጥቂት ነው፤ የምትጠይቀው ግን ቁልፉን ነው።

2. ጭብጡን ራስሽ ያዢ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጭብጥ የመመሥረቱን ሥራ የሰጠው ለፍርድ ቤቱ ነው፤ ለጠበቆቹ አይደለም። የቤት ሽያጭ ክርክርን እንውሰድ። ገዥና ሻጭ ገንዘቡ ተከፍሏል አልተከፈለም እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ ጉዳዩን የሚወስነው ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረጉ ሊሆን ይችላል። ጭብጡ ከተሳተ ምስክሩም ሰነዱም የሚቀርበው ላልተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ የሁለት ዓመት ሙግት በከንቱ ያልቃል።

3. ምስክርን አስጨርሺው። አብዛኛው ምስክር በሕይወቱ ችሎት ቆሞ አያውቅም። ዋናው ጥያቄ፣ መስቀለኛው ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄው በሥርዓቱ ይሂድ፤ አንቺም ያልጠራውን ለማጥራት ጠይቂ። የዐቃቤ ሕጉን ወይም የጠበቃውን ሥራ ግን ነጥቀሽ አትሥሪ። በድፍረት የተናገረ ሁሉ እውነተኛ፣ አንገቱን የደፋ ሁሉ ውሸታም አይምሰልሽ። ባላገሩ በሹም ፊት ዓይኑን የሚሰብረው አክባሪ ሆኖ ስላደገ ነው። ቃሉን ስታስመዝግቢም እንደተናገረው ይጻፍ። «ነጠቀኝ» ያለውን «በኃይል ወሰደብኝ» ብለሽ ብታሳምሪው፣ ወደ ላይ የሚሄደው የአንቺ ቃል እንጂ የሱ አይደለም።

4. አስተርጓሚውን ተከታተዪ። የፌዴራል ፍርድ ቤት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ፊትሽ የሚቆመው ተከሳሽ ግን ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም አፋርኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(7) ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ሲካሄድ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት መብት ሰጥቶታል። ሰውየው ረጅም ተናግሮ አስተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ከዘጋው፣ አቁሚና የቀረውን ጠይቂ። ያልተተረጎመ ቃል እንዳልተሰማ ነው።

5. በጊዜ ቀጠሮ ላይ አትቸኩዪ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለፖሊስ ለምርመራ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል። 14 ጣሪያ ነው፤ ሁልጊዜ የሚሞላ ልክ አይደለም። መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ሲልሽ ሦስት ነገር ጠይቂው፤ ባለፈው በተሰጠህ ቀን ምን ሠራህ? ምን ቀረህ? የቀረውን ሰውየው በዋስ ወጥቶ ልትሠራው የማትችለው ለምንድን ነው? መልሱን በመዝገቡ ላይ አስፍሪ። ዋስትና ስትፈቅጂም የገንዘቡን መጠን ከሰውየው አቅም ጋር አገናዝቢ። ድሀ ሊከፍለው የማይችለው ዋስትና እንደተከለከለ ይቆጠራል።

6. ቀጠሮ ያለ ምክንያት አትስጪ። ለአንቺ በማስታወሻ ላይ የምትጻፍ ቀን ናት። ለቀን ሠራተኛው ግን የዕለት እንጀራው ናት፤ ከአቃቂ ልደታ ለሚመላለሰው ደግሞ የትራንስፖርትም ወጪ አለበት። ምስክር ከሩቅ መጥቶ ከተመለሰ በሁለተኛው ቀጠሮ ላይመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጠፋው እውነት ነው። ማራዘም ግድ ከሆነ ምክንያቱን ጻፊ፤ በችሎትም ለባለጉዳዩ ንገሪው።

7. ውሳኔሽን ለተረታው ሰው ጻፊ። የረታው ወገን ውጤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ምክንያቱን መስመር በመስመር የሚያነበው የተረታው ነው። ሕጉም ይህንኑ ያዝዝሻል፦ በፍትሐ ብሔር ጭብጡንና ምክንያቱን፣ በወንጀል ደግሞ ማስረጃውን ለምን እንደተቀበልሽ ወይም እንዳልተቀበልሽ መግለጽ አለብሽ። «የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አሳማኝ ሆኖ ስላገኘነው» ብቻ ብሎ ማለፍ ውሳኔ አይባልም። የትኛው ምስክር? በየትኛው ቃሉ? የመከላከያ ምስክሩስ ለምን አልታመነም? አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት ለዚህ ነው። ሰው በቅሎውን ቢያጣ እንኳ ለምን እንዳጣ ሲገባው ሕግን አይጠላም።

8. ከሕግ በቀር ማንም አያዝሽም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ሥራውን በሙሉ ነፃነት እንደሚያከናውንና ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመራ ይናገራል። ይህን ቃል በሥራ ላይ ማዋል ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በአንቺው ደረጃ ዳኛ ሳሉ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተጠርጣሪው ግን ቤታቸው ሳይገቡ እንደገና ተያዙ። ዳኛዋ ከችሎት ከወጡ በኋላ ጠበቃ፣ ከዚያም የተቃዋሚ ፖለቲከኛ ሆኑ፤ ሁለት ጊዜ ታሰሩ፤ ለዓመታት በአሜሪካ ኖሩ። በ2011 ዓ.ም. ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው የ2013ቱን ምርጫ መርተዋል። ስለ ፖለቲካቸው ሰው የፈለገውን ይበል፤ ዛሬም በሕግ ባለሙያዎች ዘንድ ያች የዋስትና ትእዛዝ ትጠቀሳለች። ፖሊስ ያላከበረውን ትእዛዝ ታሪክ አክብሮታል። ስልክ ተደውሎ «ስለዚያ መዝገብ» ሲባል፣ ማንም ይሁን ማን፣ ንግግሩን እዚያው ላይ አቁሚው።

9. ከሰው ሳትርቂ መዝገብሽን አርቂ። ለቅሶ ድረሺ፣ እድርሽንም ማኅበርሽንም አትተዪ፤ ከሕዝብ የተለየች ዳኛ የሕዝብን ነገር አታውቅም። በእነዚህ ቦታዎች ግን ስለ መዝገብ ቃል እንዳይወጣሽ። ለባለቤትሽ፣ ለወንድም ለእህቶችሽም «በእኔ በኩል ለማንም ቃል አትግቡ» ብለሽ ከወዲሁ አስታውቂ። የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድሽ ተከራካሪ ወይም ጠበቃ ሆኖ ከመጣ፣ አቤቱታ ሳትጠብቂ ከችሎቱ ተነሺ። አድልዎ ባይኖርሽም፣ የተረታው ሰው እንዲጠረጥር በር መክፈት የለብሽም።

10. ማንበብ አታቁሚ። እኔ የሠራሁበት አዋጅ ቁጥር 25/1988 ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተተክቷል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። የሰበር ውሳኔዎቹ የታተሙባቸውን ቅጾች አንብቢ። ቁጥር መጥቀስ ብቻ ግን አይበቃም፤ የዚያ ጉዳይ ፍሬ ነገር ከፊትሽ ካለው ጋር በእርግጥ ይመሳሰል እንደሆነ መርምሪ። በትርጉሙ ባትስማሚም ተከተዪው፤ ሐሳብሽን በጥናት ጽፈሽ ለሙያው አቅርቢ።

ልጄ፣ ዕድገት በጊዜው ይመጣል፤ አንቺ አታሳድጂው። ከሚመጣልሽ ባለጉዳይ አብዛኛው ከአንቺ በላይ ሌላ ፍርድ ቤት የሚደርስበት አቅም የለውም። ለሱ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ዳኛ አንቺ ነሽ። ስለዚህ አደራሽን፣ ሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ አትፍረጂ።