የቤት ብድር ወለድና ግብር፦ ተጠቃሚው ማነው?

እንግሊዝ ለቤት ብድር ወለድ ትሰጠው የነበረውን የግብር ቅናሽ እ.ኤ.አ. በ2000 ሰርዛለች። አሜሪካ ግን በ2017 ባወጣችው ሕግ ወለዱ የሚቀነስለትን ብድር በ750 ሺህ ዶላር ገደበች እንጂ አልሻረችውም። የክርክሩ መነሻ ግልጽ ነው፤ 35 በመቶ ግብር የሚከፍል ባለሀብት ከአንድ ብር ወለድ 35 ሳንቲም ሲተርፈው፣ 20 በመቶ የሚከፍለው የሚተርፈው 20 ሳንቲም ብቻ ነው።

በእኛስ አገር? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ወለድን የፈቀደው ለሚከራይ ቤት ነው። ደመወዝተኛው ለሚኖርበት ቤት የሚከፍለው ወለድ ከደመወዙ አልተቀነሰለትም። አከራዩም ቢሆን የሂሳብ መዝገብ ከሌለው ወለዱ አይታይለትም፤ የተፈቀደለት የኪራዩን ግማሽ መቀነስ ነው።

በቱም ከተማ አንድ የቡና ነጋዴ ከባንክ ተበድሮ ቤት ሠራና በዓመት 200 ሺህ ብር አከራየ እንበል። ወለዱ 80 ሺህ፣ እርጅናው፣ ጥገናውና ኢንሹራንሱ 50 ሺህ ብር ቢደርስ፣ በዚያው አዋጅ ስሌት በመዝገብ 130 ሺህ ብር ይቀነስለታል፤ ያለ መዝገብ 100 ሺህ። በቀሪው 30 ሺህ ብር ላይ ግብር የሚያስከፍለው የመዝገቡ አለመኖር ነው። ባንክ ሳይሄድ በቡና ትርፉ የሠራው ጎረቤቱ ግን የሚያስቀንሰው ወለድ የለውም። መዝገብ የመያዝ ግዴታ ከሌለበት ግማሹ ይሻለዋል።